አራጋው የተሸነፈ ዕለት

በ2094 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ዳርቻ ሾላ አፋፍ በሚባለው ሰፈር፣ አፉን ሳይከፍት የአራጋው ይመርን ያህል ሰው የረታ አልነበረም። በሰፈሩ ብቻ አይደለም፤ ራሱ አራጋው እንደሚለው ከሆነ ከአዋሽ ወዲህ አልነበረም። ስድስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት የፖለቲካ ክርክር ገጥሞ ስድስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም አሸንፏል። ሽንፈት የለም፤ አቻ የለም። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሆዱ ትንሽ ገፋ ያለ፣ ሪዙ በጥንቃቄ የተከረከመ፣ ሲራመድ መንገዱ ለእሱ ተብሎ የተጠረገ የሚመስለው ሰው ነበር።

ማለዳ ሸሚዙን ሲለብስ ኮሌታው ላይ የተሰካችው ነገረ ፈጅ የትናንቱን ውጤት ታነብለታለች። ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ ዕቃ ናት። «ትናንት ከሰባት ተቃራኒዎች ጋር ተወያይተዋል። ሰባቱንም አሸንፈዋል። እንኳን ደስ አለዎ» ትለዋለች። አራጋው ጮክ ብሎ «ሰባት» ይላል፣ ሚስቱ እታገኝ እንድትሰማ። እታገኝም «የኔ አራት» ትለዋለች። ምን ብለህ አሸነፍካቸው ብላው አታውቅም። በዚያ ዘመን ማንም ማንንም እንዲህ ብሎ አይጠይቅም ነበር፤ ያሸነፈው ሰው ራሱ ምን ብሎ እንዳሸነፈ አያውቀውማ።

ነገሩ የሚያልቀው መንገድ ላይ ነው። ሁለት ተቃራኒዎች ዳቦ ቤት በር ላይ ይተላለፋሉ፤ ኮሌታቸው ላይ ያሉት ነገረ ፈጆች ብልጭ ብልጭ ይላሉ፤ በሦስት ሰከንድ ውስጥ የአርባ ደቂቃ ክርክር ያልቃል። ሰዎቹ አይተያዩም። አንደኛው ድንገት አፉን ቢከፍት እንኳ በሌላው ጆሮ ውስጥ የንብ ቀፎ የመሰለ ለስላሳ እዝዝታ ይነሳና ድምፁን ይሸፍነዋል። ሰላም ነበር። ከ2072ቱ ድርቅ በኋላ በዱላ ስትፈነካከት የከረመች አገር፣ ነገረ ፈጅ ከገባ ወዲህ ባሉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት በፖለቲካ የተነሳ አንድ ጥርስ አልወለቀባትም።

ሾላ አፋፍ አካፋይ ነው። አካፋይ ማለት ውሃውም፣ በማሽን ታዝዞ የሚዘንበው ዝናብም፣ መብራቱም የየሰፈሩ በየሰፈሩ እጅ ይሁን ባይ ነው። ከገደሉ ማዶ ያለው ድንጋይ ማዶ ደግሞ ጠቅላይ ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ ማዕከል ገብቶ ከዚያ ለአገር ይታደል ይላል። በሁለቱ መካከል ገደሉ አለ፤ በገደሉ አፍ ላይ ደግሞ ጉድጓዱ።

የጉድጓዱ ጠባቂ አራጋው ነው። ፓምፑን ያስነሳል፣ ቦኖውን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ አላየም። የጉድጓዱ ጥልቀት በሰነድ ሁለት መቶ አርባ ሜትር ነው፤ አራጋው ሲናገር አራት መቶ ይሆናል፤ እንግዳ ከመጣ ደግሞ መጨረሻው አልተገኘም። ውሃው ኩላሊት ያጥባል፣ ጠጉር ያበቅላል፣ የተጣላ ባልና ሚስት ያስታርቃል። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ጀሪካኑ እስኪሞላ ይህን ሁሉ መስማት ግዴታው ነበር። ሁሉንም ጨርሶ የሚያሳርገው በ72ቱ ድርቅ ታሪክ ነው። «ያኔ» ይላል መዳፉን በጉድጓዱ አጥር የብረት በር ላይ አሳርፎ፣ «አገር ሲነድ ከሾላ አፋፍ አንዲት ጠብታ ያላስወጣሁ እኔ ነኝ።»

በግንቦት መጀመሪያ ከውሃው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። ጉድጓዱ በሾላ አፋፍ እጅ ይቆይ ወይስ ወደ ማዕከል ይግባ የሚለው ጉዳይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያወያይ ኖሮ ስምምነት ላይ ስላልተደረሰ፣ በደንቡ አንቀጽ አሥራ አራት ይፈጸማል ይላል። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሰዎች ጉዳዩን በአንድ ቃል ዘጉት፦ እነዚያ ማዶዎቹ በየቀኑ እየተሸነፉ እንኳ አንፈርምም ብለው ነው።

አንቀጽ አሥራ አራት ቁራኛ ነው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ የኩታቸው ጫፍ ተቋጥሮ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይውላሉ። ይህን ልማድ ማን ከየት ቆፍሮ ደንብ ውስጥ እንደከተተው አይታወቅም፤ አራጋው እኔ ነኝ ለማለት ሦስት ቀን ብቻ ነው የፈጀበት። ከየሰፈሩ አንድ ሰው ይመረጣል፤ ነገረ ፈጃቸው ትወልቃለች፤ ኩታቸው ተቋጥሮ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት አብረው ይውላሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱም የተስማሙበት አንድ ዐረፍተ ነገር ካላመጡ ጉድጓዱ በሲሚንቶ ይታሸጋል። ከዚያ ወዲያ ውሃ ከሐርቡ በቦቴ ይመጣል፣ በሳምንት አንዴ፤ ሃያ አምስት ዓመት የጉድጓድ ጠባቂ የነበረ ሰው ደግሞ ጀሪካን ይዞ እንደ ማንም ይሰለፋል።

ሾላ አፋፍ ማንን እንደምትመርጥ አላመነታችም። ብዙ ያሸነፈው አራጋው ነው።

«እስከ ምሳ እጨርሰዋለሁ» አለ ቤቱ ገብቶ ኩታውን ሲያወጣ።

እታገኝ ኩታውን ተቀብላ አራገፈች። «በራስህ አፍ ልትናገር ነው?»

«ታዲያ በማን አፍ ልናገር?»

«እኔ እንጃ» አለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አላየሁማ።»

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጉድጓዱ አጠገብ ከጽሕፈት ቤቱ የተላከችው ትብለጥ የምትባል ቁጥብ ወጣት ነገረ ፈጆቻቸውን ነቅላ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተቻቸው። ከማዶ የመጣው አሊጋዝ የሚባል ጸጉር አስተካካይ ነበር። ስድሳ የሞላው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ እንደ መቀስ የሾሉ ሰው ነው። ትብለጥ የአራጋውን ኩታ ግራ ጫፍና የአሊጋዝን ኩታ ቀኝ ጫፍ በድርብ ቋጠረችው፤ ከወረቀቷ ላይ «መልካም ውይይት» ብላ አነበበችና ጥላ ሥር ተቀመጠች።

በዚያች ደቂቃ በሾላ አፋፍ ታሪክ ተሰምቶ የማያውቅ ጸጥታ ወረደ። አራጋው ጉሮሮውን ጠረገ። «አካፋይነት ማለት» ብሎ ጀመረና ቆመ። ቀጣዩ ቃል ከኮሌታው እንዲመጣለት እየጠበቀ ነበር። ኮሌታው ዝም አለው። የመጀመሪያዋን ሐረግ ሁሉም ሰው ያውቃታል፤ ከሷ በኋላ ያለውን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ነው ሲናገርለት የኖረው። ወደ አሊጋዝ ዞር ቢል የእሱም ከንፈር «ጠቅላይነት» ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

በመጨረሻ አሊጋዝ፣ «ሰው ይጠብቀኛል፤ ሱቅ መክፈት አለብኝ። አንቱ ይከተሉኛል እንግዲህ» አለ።

ገደሉን ተሻገሩ። አራጋው ድንጋይ ማዶን ሲረግጥ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ነበር። የጸጉር ቤቱ መንገድ ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ አራጋው በኋላ ሲተርከው ግማሽ ቀን ያስኬዳል። በየበሩ የቆመ ጠቅላይ ሁሉ ሁለቱን የተቋጠሩ ሰዎች ያያል፤ ኮሌታው ላይ ያለችው ቁልፍ ብልጭ ትልና ሰውየው ፈገግ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

ጸጉር ቤቱ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ወንበሩ ላይ አንድ ወፍራም ደንበኛ ተቀምጦ ይጠብቃል። አሊጋዝ ቶንዶሱን አነሳ። ቀኝ እጁ በተነሳ ቁጥር የአራጋው ግራ ትከሻ አብሮ ይነሳል፤ ከጆሮ በላይ ያለውን ሲያስተካክል አራጋው በጣቱ ጫፍ ይቆማል። እንዲህ ሆኖ ዝም ማለት ስለከበደው ለደንበኛው «እንደምን አደርክ» አለው።

የደንበኛው ነገረ ፈጅ አረንጓዴ በራች። ደንበኛው በመስታወቱ ውስጥ ደረቱን ነፋ አድርጎ በደስታ ፈገግ አለ።

«ምን ሆነ ሰውየው?» አለ አራጋው።

«አሸነፈዎት።» አሊጋዝ ቀና ሳይል ነው የመለሰለት።

«እንደምን አደርክ ስላልኩት?»

«እኔ ምን አውቄ። አረንጓዴ በርቷል።»

አራጋው እንዲህ ያለ ነገር ውጦ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። እሱ ማን እንደሆነ ለዚህ ሰውዬ ይነገረው አለና ስድስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለቱን በቁጥሩ ልክ ክብደት እየሰጠ ደረደረው። ሽንፈት የለም፤ አቻ የለም። አሊጋዝ አዳምጦ ሲጨርስ፣ የእሱ አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ መሆኑን፣ እሱም ሽንፈት እንደማያውቅ ነገረው። «ከእነሱ ውስጥ» አለ ደግሞ፣ «ሰባት መቶ ሠላሳ አንዱ አንተ ነህ።»

አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ።

አራጋው ይህን ቁጥር ያውቀዋል። ነገረ ፈጁ በየዓመቱ መስከረም ላይ አብዝተው ያሸነፉት ብላ የምታነብለት ስም አሊጋዝ የሚባል ነው፤ ቁጥሩም ሰባት መቶ ሠላሳ አንድ ነው። «የኔም» አለ ቀስ ብሎ። «የኔም ሰባት መቶ ሠላሳ አንዱ አንተ ነህ።»

ቶንዶሱ መሐል አናት ላይ ቆመ። መጀመሪያ እርስ በእርስ ውሸታም ተባባሉ፤ ከዚያ ቀን፣ ወር፣ ዓመት እየጠሩ ተመሳከሩ፤ ሁሉም ገጠመ። እያንዳንዷን ክርክር ሁለቱም አሸንፈዋል። ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨው ደንበኛ ጆሮው ውስጥ ያለው እዝዝታ ሳይሰለቸው ሁለቱን በመስታወት እያየ ፈገግ እንዳለ ነው። አሊጋዝ በእጁ ጀርባ ግንባሩን ጠረገ። «ተሸነፍክ የምትል ቁልፍ ማን ኮሌታው ላይ ይሰካል» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

አንድ ሰው ስድስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ድል በአንድ ጠዋት ሲያጣ ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያኔ በአገሪቱ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አራጋው ባዶ እጁን የቀረ መሰለው። የሚይዘው ነገር ፈለገ። ማንም ያላደረገለት፣ በገዛ እጁ ያደረገው ነገር አንድ ነበር፤ እሱኑ አወጣው።

«ይሁን» አለ። «ቁልፏ ትዋሽ። እኔ ግን በራሴ እጅ የሠራሁት ታሪክ አለኝ። በ72ቱ ድርቅ ከሾላ አፋፍ አንዲት ጠብታ ያላስወጣሁ እኔ ነኝ። በሩን በዚህ እጄ ዘግቼ አርባ አምስት ቀን በሩ ላይ የተኛሁ እኔ ነኝ።» በእውነቱ የተኛው ዘጠኝ ቀን ነበር።

አሊጋዝ ቶንዶሱን አጥፍቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ።

«ቢጫ ጀሪካን ይዛ የመጣች ሴት ታስታውሳለህ?»

«ስንት ሴት ነው የመጣው።»

«ልጅ አዝላ። መጋቢት ላይ። ከቀትር በኋላ።»

አራጋው ከኩታው ላይ የደንበኛውን ጸጉር ማራገፍ ያዘ።

«እህቴ ናት። መሬም ትባላለች» አለ አሊጋዝ። ድምፁ ከፍ አላለም። «በሩ ላይ እስኪመሽ ቆማ ተመለሰች። በሳምንቱ ልጇን ይዛ ከኮምቦልቻ ወጣች፤ ውሃ የከለከለኝን አገር አልረግጥም ብላ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቷ። እኔን ጠቅላይ ያደረገኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ያንተ በር ነው። ቁልፉን አንድ ሰው ብቻ ከያዘው የፈለገውን ያስጠማል አልኩ። ይህንን የኔዋ ለነገረ ፈጅህ ሰባት መቶ ሠላሳ አንድ ጊዜ ነግራታለች፤ የዚህን መልስ ብቻ አስነብባታለሁ። ምን ብላ እንደምትመልስ ታውቃለህ? በወቅቱ የነበረው የሥርጭት መረጃ አቤቱታውን አይደግፍም ትላለች። ከዚያ የኔዋ አሸንፈዋል ትለኛለች።»

የአራጋው እጅ ወደ ኮሌታው ሄደ። ጣቶቹ ባዶውን ቀዳዳ ነክተው ተመለሱ። የመጣለት ያ በር ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ ከበሩም ወዲያ የቆመች፣ አንድም ቃል ያልተናገረች ሴት። ለሃያ ሁለት ዓመት ታሪኩን ሲያወራ እሷን ዘሏት ነው የሚያልፈው።

«አስታውሳታለሁ» አለ። «ዝጋ ያለኝ ሰው አልነበረም። ትዕዛዝም አልመጣም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ውሃው ያን ቀን ይበቃ ነበር።»

ደንበኛው በዚህ መሐል ጭንቅላቱን ዳሰሰና አላለቀም እንዴ ብሎ ጠየቀ። አሊጋዝ ሄዶ ነገ እንዲመለስ ነገረው። ሰውየው ግማሽ ጸጉሩን ይዞ፣ የሁለት ድል ባለቤት ሆኖ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ክርክር ነው ወይስ ጦርነት የሚለውን እስከ ዛሬ የሁለቱ ሰፈር ሰዎች አልተስማሙበትም። አንድ ሽሮ ቤት ገብተው ከአንድ ትሪ ሲበሉ አራጋው እንደገና ነፍስ ዘራ። በሩን አምኛለሁ አለ፤ ማዕከሉን ግን አላምንም። ሜዳ ገበያ የምትባለው ከተማ በ81 ጉድጓዷን ለማዕከል አስረክባ፣ አንድ የማትታወቅ ጣት የማትታወቅ ቁልፍ ነክታባት አርባ ቀን ስትጠማ፣ በከተማዋ ውስጥ ያንን ቧንቧ መክፈት የሚፈቀድለት አንድ ሰው አልነበረም። አሊጋዝ፣ አሥራ አንድ ቀን ነው የተባልኩት አለ። ማን ነው ያለህ አለው አራጋው። አሊጋዝ ኮሌታውን አየ።

«አርባ ነው» አለ አራጋው። «ከእታገኝ ጋር በጭነት መኪና ውሃ የወሰድንላቸው እኛ ነን። ስንደርስ ሰዉ ቧንቧው ሥር ተኝቶ ነበር፤ ቧንቧው ደግሞ ሙሉ ነው። ጆሮህን ብትደግንበት ይሰማሃል ውሃው።»

አሊጋዝ ያነሳውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። «ሙሉ ነበር?» ብሎ ጠየቀ፤ አራጋውም ሙሉ እንደነበር ደገመለት። ይህን ያህል ትልቅ ነገር በዚያች አገር ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ነበር። ሽሮው እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩ። በስምንት ሰዓት ተሰዳደቡ፤ በዘጠኝ ሰዓት አሊጋዝ ተነስቶ ሊሄድ ሲል ኩታው መልሶ አስቀመጠው፤ በአሥር ሰዓት አራጋው ሊሄድ ሲል እሱንም መልሶ አስቀመጠው። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን የሽሮ ቤቷ ባለቤት ዐረፍተ ነገሩን የጻፉበትን የናፕኪን ቁራጭ አይታ ቆሻሻ ወረቀት ነው ብላ ልትጥለው ነበር።

ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ሰፈር ወጥቶ ገደሉን ግራና ቀኝ ሞልቶታል። ሦስት ሺህ ሰው ነበር ይላል አራጋው፤ ሾላ አፋፍና ድንጋይ ማዶ ተደምረው የሚኖርባቸው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው። ሲሚንቶ የሚያቦካው ሰው አካፋውን ይዞ ቆሟል፤ ቡኮው ዝግጁ ነው። ትብለጥ ቅጿን ዘረጋች።

«ዐረፍተ ነገር አለ?»

«አለ» አለ አሊጋዝ፣ ናፕኪኑንም አነበበው፦ «ጉድጓዱ እዚሁ ይቀራል፤ በሩ ይነቀላል።»

ትብለጥ ጻፈች። ከዚያ ብዕሯ ቆመ። ቅጹ አሸናፊ የሚል ሳጥን አለው፤ ሳጥኑ ካልተሞላ ዐረፍተ ነገሩ አይጸናም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ያላሸነፈ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም። «ማን አሸነፈ ልበል?» ብላ ጠየቀች። ሰዓቷን ብታይ ስድስት ደቂቃ ቀርቷል። አካፋ የያዘው ሰውም ሰዓቱን አየ።

አራጋው ወደ ሰፈሩ ሰዎች ዞረ። ሃያ ሁለት ዓመት የ72ቱን ታሪክ ያዳመጡት ሰዎች ናቸው፤ አራጋውን ሰው ያደረገው ያ በር ነው። በሩ ለምን እንደሚነቀል ሊነግራቸው ነው። እነሱ ይሰሙታል፤ እሱ የራሳቸው ወገን ነውና ቁልፋቸው አትሸፍንባቸውም። ማዶ ያሉት ግን ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያዩት።

«ጻፊ» አለ። «ተሸነፍኩ። እኔ አራጋው ይመር። በ72 ይህን በር የዘጋሁት ውሃ ጠፍቶ አይደለም፤ ቁልፍ ስለያዝኩ ነው። ልጅ ያዘለች ሴት መልሻለሁ። ይኸው ወንድሟ። እሱ ልክ ነው፤ እኔ ልክ አይደለሁም።»

በሾላ አፋፍ በኩል ሰው እንደ ግድግዳ ደረቀ። ተሸነፍኩ የሚለውን ቃል በሰው አፍ ሲባል ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ ከሰላሳ በታች የሆኑት ትርጉሙንም አላወቁት ይባላል። ማዶ በኩል ግን ሰዉ ሁሉ እዝዝታ ውስጥ ነው። የአራጋውን ፊት ያያሉ፤ አንድ ነገር እየሆነ እንዳለ ይገባቸዋል፤ ቁልፋቸው አሸንፈዋል አሸንፈዋል ትላቸዋለች።

ያኔ ሐዋ የምትባል የድንጋይ ማዶ ልብስ ሰፊ፣ ዕድሜ ልኳን ቁልፍ ስትሰፋና ስትፈታ የኖረች ሴት፣ ኮሌታዋን በሁለት ጣቷ ይዛ ነገረ ፈጇን ጠቅ አድርጋ ነቀለቻት።

«እስቲ ድገመው ወንድሜ» አለችው ከማዶ። «አልሰማሁህም።»

አራጋው ደገመው። የሚጠላው ነገር አልነበረም፣ መደገም። ሁለተኛው ዙር ከፊተኛው ረዘም አለ። ከሐዋ ጎን ያለው ነቀለ፤ ከእሱ ጎን ያለው ነቀለ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁልፍ እንደ በቆሎ ፍሬ ይረግፍ ጀመር። ሦስተኛው ላይ ድፍን ድንጋይ ማዶ ሰማው።

«ጻፍኩ» አለች ትብለጥ። «አሸናፊ፣ አቶ አሊጋዝ።»

«ቆይ» አለ አሊጋዝ። «እኔም እኮ ተሸንፌያለሁ። ጉድጓዱ ወደ ማዕከል ይግባ ስል ኖሬ እዚሁ ይቀራል ብዬ ፈርሜያለሁ። ሜዳ ገበያ አርባ ቀን ስትጠማ አሥራ አንድ ነው ስል ነበር። የኔን ሽንፈት ሳትጽፊ እለፊና እናያለን።»

«ያንተ ትንሽ ሽንፈት ነች» አለ አራጋው።

«ምንዋ ነው ትንሽ?»

«አንተ የተሸነፍከው በቁጥር ነው። እኔ የተሸነፍኩት በሕይወቴ ነው። አታወዳድር።»

«ሰባት መቶ ሠላሳ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ሰው ትንሽ ይባላል?»

«እኔስ ስንት ነኝ? ስድስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ድል ነው ዛሬ ያፈሰስኩት።»

ሁለት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ትብለጥ አንዱን ፊት አየች፣ ሌላውን አየች፤ በሥራ ዘመኗ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። አሸናፊ የሚለውን ቃል በብዕር ሰርዛ ከላዩ ተሸናፊ ብላ ጻፈችና ሁለቱንም ስም አሰፈረች። ማኅተሙ አሥራ አንድ ሰዓት ከመሙላቱ በፊት አረፈ። ሲሚንቶ የያዘው ሰው ቡኮው ይደርቅብኛል ብሎ የቦኖውን የተሰነጠቀ ደረጃ ጠገነበት።

በሩን ለመንቀል ዲጂኖ የያዘ ሁሉ መጣ። ማጠፊያው ሃያ ሁለት ዓመት ዝጎ ስለነበር በአንድ ሰፈር ጉልበት እምቢ አለ፤ ከሁለቱም ሰፈር አሥራ ስድስት ሰው ተረባርቦ ነው የተላቀቀው። ሲወድቅ ድምፁ ሐርቡ ድረስ ተሰምቷል። ይህ የአራጋው ግነት አይደለም፤ ሐርቡ ያሉ ሰዎች ራሳቸው መስክረዋል፤ የመሰከሩትም ለአራጋው ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ድንጋይ ማዶና ሾላ አፋፍ ውስጥ ሽንፈት እንደ ጉንፋን ተዛመተ። ሰው ማለዳ ተነስቶ ተቃራኒ ፍለጋ ገደሉን ይሻገራል፤ ተሸንፎ ይመለሳል፤ ምን ተብሎ እንደተሸነፈ ለሚስቱ ይነግራል። አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ተሸነፈ። እታገኝ ባሏን ራሱን በዝናብ ጉዳይ አሸነፈችው፣ ሁለቱም አካፋይ ሆነው ሳለ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምን እንደምታስብ ጠይቋት አያውቅም ነበር። አራጋው ይህን ሁሉ ከቦኖው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንደ አባት ይቆጣጠራል። ማንም ቢሸነፍ መንገዱን የጠረገ እሱ ነው፤ በራስ አፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሦስት ሺህ ሰው ፊት። በሚቀጥለው ቀን አራት ሺህ ሆኑ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ወሬ ደረሰው። ሐዋ ልብስ ሰፊዋ በአንድ ቀን ሰባት ጊዜ ተሸንፋለች፤ ሰባቱንም ምስክር አላት።

አራጋው ከድንጋዩ ተነሳ። ፓምፑን ለእታገኝ አደራ ብሎ፣ ኩታውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ገደሉን በሩጫ ወርዶ በሩጫ ወጣ። ጸጉር ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ እያለከለከ ነበር። አሊጋዝ ውስጥ ቶንዶሱን ዘይት ይቀባል።

«ውጣ» አለው አራጋው። «ዛሬ ስለ ትምህርት ቤቱ ነው። የራሴ ሐሳብ አለኝ፤ ስምንት ስህተት አለበት፤ ስምንቱንም አንድ በአንድ ታወጣቸዋለህ።»

አሊጋዝ ቶንዶሱን አስቀምጦ እጁን በፎጣ ጠረገና ወጣ። ደጃፉ ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር በመዳፉ አቧራውን አራገፈለት።

«አይሆንም» አለ ከጎኑ እየተቀመጠ። «ዛሬ ተራው የኔ ነው።»